ልደታን ማን ያውቀዋል?

በአዲስ አበባ ውስጥ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያስጠሩ ሠፈሮች አሉ። ፒያሳን፣ መርካቶን፣ ቦሌን የማያነሣ የለም። ከሩቅ ክልል ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የሚመጣ ተማሪ እንኳ እነዚህን ስሞች በቃሉ ይዞ ይመጣል። ልደታን ግን ማንም በቃሉ ይዞ አይመጣም። ልደታ የሚታወቀው በማለፊያነቱ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሰው በታክሲ መስኮት ያየዋል፤ የከሰሰና የተከሰሰ ፍርድ ቤቱን ያውቃል፤ ስለት ያለበት ቤተ ክርስቲያኑን ያውቃል። ሠፈሩን ራሱን፣ ማለት ሰው ልጅ የሚያሳድግበትንና የሚያረጅበትን ልደታ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ልደታ ጥቂት ልንል አስበናል። አስቀድመን ለአንባቢያችን አንድ ነገር መግለጽ ይገባናል፤ እኛ የልደታ ተወላጆች ስለ ሆንን ከአድልዎ ነፃ ነን ብለን አንምልም።

ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የእመቤታችን የልደት በዓል ግንቦት 1 ቀን ስለሚውል በዚያ ዕለት ከከተማው ማዕዘን ሁሉ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። በኋላ ከተማው በክፍለ ከተማ ሲከፋፈል ይህ ስም ከደብሩ አጥር አልፎ ተክለ ሃይማኖትንም፣ አብነትንም፣ ጌጃ ሠፈርንም ጠቅልሎ ያዘ። የክፍለ ከተማው ስፋት 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 200 ሺህ ያህል ሰው ተቆጥሮበታል። ለአንድ ሰው ስንት ክንድ መሬት እንደሚደርሰው አንባቢ ራሱ አካፍሎ ይድረስበት፤ እኛ የአርትስ ተማሪዎች ከሒሳብ ጋር ብዙም ወዳጅነት የለንም።

የአካባቢውን የቦታ ስሞች ላስተዋለ ሰው አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ዛሬ የሌለ ነገር ስሞች ናቸው። በሰንጋ ተራ ሰንጋ አይሸጥም። በሬው ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በቦታው ባንክና ፎቅ ቆሟል። ዳርማር የጫማ ፋብሪካ ስም ነበር፤ ፋብሪካው አንበሳ ጫማ ከተባለ ስንት ዘመኑ፣ የባቡሩ ፌርማታ ግን አሁንም ዳርማር ነው የሚባለው። ወደ ምዕራብ ዝቅ ሲሉ ደግሞ አሮጌው ኤርፖርት አለ። ይህኛውን በጥቂቱ ልናልፈው አንወድም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። መሥራቾቹ ከአሜሪካ መንግሥት አምስት ሲ-47 አይሮፕላኖችን ገዙ፤ እነዚህም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደርና ስንቅ ሲያመላልሱ የነበሩ ዓይነት ናቸው። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። የከተማው አየር ማረፊያ በዚያ ዘመን የልደታው ነበር። ወደ 1952 ዓ.ም. ግድም ግን አየር መንገዱ ቦይንግ 720 የተባለውን ጄት ለማምጣት ሲያስብ የልደታው ሜዳ እንደማይበቃው ታወቀና ቦሌ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ልደታ የጦር ሠራዊቱ አየር ማረፊያ ሆነ፤ መንገደኛውም፣ ሸኚውም፣ እንባውም ወደ ቦሌ ተዛወረ። ዛሬ ቦሌ ላይ ቆሞ ዘመዱን የሚሸኝ ሰው የዚህ ሁሉ በረራ መጀመሪያ ከእኛ ሠፈር በኩል እንደ ነበረ ቢነገረው የሚያምን አይመስለንም።

ሌላም አለ። በሶቪየት ቀይ መስቀል የተቋቋመው ሆስፒታል ስሙ ለዓድዋው ጀግና ለደጃዝማች ባልቻ ሳፎ መታሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተጀመረው የሕንፃ ኮሌጅ በዚሁ በልደታ ነው፤ ስለ እነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በኋላ እንመለስበታለን። ስለ ፍርድ ቤቱ ብዙ አንልም። ቀጠሮ ያለው ሰው ያውቀዋል፣ የሌለው ደግሞ ባያውቀው ይሻለዋል።

አሁን ወደ ግቢያችን እንግባ።

ያደግንበት ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ የማይርቅ ሲሆን በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገባ ሰባት አባወራ ይኖርበት ነበር። ቤቶቹ ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩ፣ ጣራቸው የዛገ፣ ግድግዳቸው ተደጋግፎ የቆመ ነበር፤ አንዱ ቢፈርስ ሌላው አብሮ ይወድቅ ነበር ብንል አላጋነንንም። አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ለሰባቱም ነበረ። ክረምት በገባ ቁጥር መጸዳጃው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ጣራው ያፈስሳል፤ እናታችን ሳፋና ባልዲ በየቦታው ደርድራ ሌሊቱን ሙሉ ስትቀያይር ታድራለች። ይህን የምንጽፈው አንዳንድ ጓደኞቻችን ስለ ድሮ ሠፈር ሲያወሩ ዝናብ የማይዘንብበት አገር አስመስለው ስለሚያወሩ ነው። በልደታ ይዘንብ ነበር።

እነዚህ ቤቶች ለምን እንዲህ ሆኑ ቢሉ ታሪኩ ረጅም አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ኪራዩም ለድሀ ሲባል ተቀነሰ። ድሀው በኪራይ ረገድ ዐረፈ፤ ቤቱ ግን አላረፈም። የእኛ ቤት የወር ኪራይ ከአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ያነሰ ነበር፤ በዚህ ገንዘብ እንኳን ጣራ ምስማርም አይገዛም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ እንዳያድሰው ደግሞ ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ፈቃድም እንደ ልብ አይገኝም። እንዲህ እየሆነ ወደ 35 ዓመት ተቆጠረ።

ነገር ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ከቤቶቹ ሌላ አንድ የማይታይ ነገር ነበረ። እርሱን ለመግለጽ የእናታችንን ሥራ ማንሣት ያስፈልጋል። እናታችን እንጀራ ጋግራ በፍርድ ቤቱ ዙሪያ ላሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር። ባለጉዳይ ስለማይጠፋ ደንበኛ አይጠፋም። በጠዋት ስትወጣ ታናሽ እኅታችንን ለጎረቤት ትተዋለች፤ ጎረቤቲቱም አደራ ተቀበልሁ ብላ አታስብም፣ ልጅቱ በደጅዋ ስለምትጫወት ታያታለች እንጂ። እሳቱ የጠፋበት ፍም ከጎረቤት ይጭራል። ምጣዱ የተሰበረበት የሌላውን ይዋሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቁብ ይጣላል፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ዕድር። ይህን ሁሉ ያቋቋመው ማንም የለም። በአንድ በር ስለሚገቡ ብቻ የሆነ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሠፈሩ እንደሚነሣና በቦታው ኮንዶሚኒየም እንደሚሠራ ተነገረ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንደኛው ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ የኮንዶሚኒየም ቤት መግዛት፣ ሁለተኛው በሌላ ሠፈር ምትክ የቀበሌ ቤት መቀበል። በስብሰባው ቀን የሠፈሩ ካርታ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር ይባላል፤ እኛ ያኔ ሕፃናት ስለ ነበርን ከትልልቆቹ አፍ ነው የሰማነው። በካርታው ላይ እያንዳንዱ ቤት ቁጥር ነበረው። ዕቁቡ ግን ቁጥር አልነበረውም።

እናታችን የኮንዶሚኒየሙን መንገድ መረጠች። ልጆቼ የራሳቸው መጸዳጃ ይኑራቸው አለች፤ ይህ ነበር ምክንያቷ፣ ሌላ የለውም። የቅድሚያ ክፍያው ገንዘብ ግን አልነበራትም። ያን ጊዜ የዕቁቡ ተራ የደረሰው ከግቢው በስተግራ ጥግ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ኳሳችን ደጃቸው ሲገባ የሚቀዱ የሚመስሉን ቁጡ ሰው ናቸው። እርሳቸው ተራቸውን ለእናታችን ለቀቁላት። ቀጥሎ ባለ ተራ የሆነችውም እንዲሁ አደረገች። ሁለት ዕጣ በአንድ ላይ ተቀብላ ከፈለችና ጀሞ ቤት ደረሰን። ጋሼ ራሳቸው ግን ለኮንዶሚኒየም የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራቸው ምትክ የቀበሌ ቤት ተቀብለው ወደ ሌላ ሠፈር ሄዱ።

በዕቁብ ሕግ የበላ ይከፍላል። ግቢው ፈርሶ ሰባቱ አባወራ በአራት ሠፈር ከተበተኑ በኋላም እናታችን በየቅዳሜው ከጀሞ ታክሲ እየተሳፈረች ድርሻዋን ለማድረስ ትዞር ነበር። አንዳንድ ቅዳሜ እኛንም ታስከትለናለች። አዲስ አበባን ያወቅናት እንዲህ ነው፤ በአውቶቡስ መስመር ሳይሆን በዕቁብ መስመር። ይህም አንድ ዓመት ያህል ቆየ። የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ዕቁቡም አብሮ ቆመ፤ ማንም ይፍረስ ብሎ አልወሰነም።

የእንጀራው ሥራ ከዕቁቡ ቀድሞ ነው የሞተው። በመጀመሪያ ከጀሞ እየጋገረች ወደ ልደታ ታመላልስ ነበር። የራስዋ ሒሳብ አንድ፣ የእንጀራው ሒሳብ ደግሞ እንደ ሌላ ተሳፋሪ ይቆጠርባት ስለ ነበረ ትርፉን ታክሲው በላው። ደግሞም አራተኛ ፎቅ ላይ እንጨት አንድዶ መጋገር አይቻልም፤ ጭሱ ወደ ጎረቤት ይገባል፣ ጎረቤትም ያማርራል። የኮንዶሚኒየም ነዳፊዎች ይህን አስበውበት ለየብሎኮቹ የጋራ መገልገያ ቤት ሠርተው ነበር፤ በዚያ ይጋገራል፣ ይታረዳል፣ ይታጠባል ተብሎ። ሰው ኮሚናል ይለዋል። የእኛ ብሎክ ኮሚናል ግን ብዙም ሳይቆይ ለሱቅ ተከራየ።

አንባቢ ሆይ፣ ታዲያ እናታችሁ ተጎዳች ወይስ ተጠቀመች ብለህ ብትጠይቀን አንድ ቃል የለንም። ጀሞ በገባን ቀን የወጥ ቤቱን ቧንቧ ስትከፍትና ስትዘጋ፣ ስትከፍትና ስትዘጋ አይተናል። ክረምት ሲመጣ ሳፋው አልተደረደረም። እኛም በብርሃን አጠገብ፣ በደረቅ ክፍል አጥንተን እዚህ ደርሰናል። ይህን ክደን ብንጽፍ እርሷ ራሷ ትታዘበናለች። ሆኖም እኅታችን በታመመች ሌሊት የማንን በር እንደምታንኳኳ ስታስብ በኮሪደሩ ላይ ቆማ የቀረችውንም አይተናል። በመጨረሻ ያንኳኳችው በር ተከፈተላት፤ ሰዎቹም ደጎች ሆነው ተገኙ። ያን ለማወቅ ግን ሦስት ዓመት ኖራ ነበር።

ስለ አዲሱ ልደታ ደግሞ ጥቂት እንበል። ከእናንተ መካከል አራትና አምስት ሆናችሁ በዚያ አንድ ክፍል የተከራያችሁ ስላላችሁ ሠፈሩን ከእኛ ይልቅ ታውቁት ይሆናል። ብሎኮቹ ምድራቸው ሱቅና ካፌ፣ ላያቸው መኖሪያ ነው። በሰንጋ ተራ በኩል በ2009 ዓ.ም. ከ40/60 ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ለባለዕድሎች ደርሰዋል። ከሁሉ ዓይናችንን የሚስበው ልደታ መርካቶ የተባለው የገበያ ሕንፃ ነው። ንድፉን የሠራው ሀቪየር ቪላልታ የተባለ የስፔን አርክቴክት ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ የከተማው ሕንፃዎች በመስታወት ከመሸፈን ይልቅ ግድግዳውን በሐበሻ ልብስ ጥበብ አምሳል በትንንሽ ቀዳዳ ነድፎታል፤ ብርሃንና ነፋስ በዚያ ይገባል። እኛ የሕንፃ ነገር አናውቅም፤ ነገር ግን ፀሐይ በሚበዛበት አገር መስታወት ከመደርደር ይህ ይሻላል የሚል ሐሳብ አለን።

ከዚያ ከፍ ብሎ ደግሞ የባቡሩ ድልድይ አለ። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች፣ የሰሜን ደቡቡና የምሥራቅ ምዕራቡ፣ ልደታ ላይ ተገናኝተው እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ በአንድ ሐዲድ አብረው እንዲሄዱ ተደረገ። በካርታ ላይ ስናየው ሠፈራችን የከተማው ቋጠሮ ሆኖ ነበር፤ ኮራን። ከጊዜ በኋላ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጦት ቆሙ። ጥበቃው ረዘመ፣ ኩራታችንም እንደ ጥበቃው ርዝመት ቀዘቀዘ።

አሁን ወደ ሕንፃ ኮሌጅ ወንድሞቻችን እንመለስ። ከአንዱ ጋር በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። እርሱ የሚለው ይህ ነው፤ «የጭቃ ቤት ሙዚየም አይደለም፤ መሬቱ የከተማው እምብርት ስለ ሆነ በፎቅ ካልተጠቀምንበት ከተማው እስከ አዳማ ይዘረጋል።» እውነት አለው። እኛም ጭቃው ይቅር ባዮች ነን። የምንለየው በአንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ለማሻሻል ሰውን መበተን የግድ ነው ወይ? በኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ በጃካርታ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ካምፑንግ የሚባሉትን የድሀ ሠፈሮች ከማፍረስ ይልቅ በውስጣቸው የእግር መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ውኃና መጸዳጃ እየሠሩ ነዋሪውን በቦታው አቆይተውታል፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1980 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ሩቅ ነው የምትሉ ከሆነ ቅርቡንም እንጥቀስ፤ በ1970ዎቹ በእኛው በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሬድ ባርና የተባለው የኖርዌይ ድርጅት ከነዋሪው ጋር ሆኖ እንዲሁ መጸዳጃ፣ ውኃና የእግር መንገድ ሠርቶ፣ ቤቶችን አሻሽሎ ነበር።

ጓደኛችን ለዚህ መልስ አላጣም። «የጃካርታም ሠፈር ከተሻሻለ በኋላ መሬቱ ሲወደድ ብዙው ለፎቅ ለቅቋል» አለን። ይህም እውነት ነው፤ አንብበነዋል። እኛም ቢያንስ የአንድ ግቢ ሰዎች በአንድ ደረጃ ላይ፣ በአንድ ኮሪደር እንዲደርሳቸው ማድረግ ምን ያህል ብረትና ሲሚንቶ ይጠይቃል አልነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ብረት አይጠይቅም፤ የስም ዝርዝር ብቻ ነው የሚጠይቀው» ብሎ ሳቀ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ቤተሰቦች ልጆች በየክፍላችን ስላሉ፣ ይህ ክርክር የሁለት ሰው ክርክር ሆኖ የሚቀር አይመስለንም።

ዕድሩ ግን አልሞተም። ለምን ዕቁቡ ሞቶ ዕድሩ እንደ ቆየ ስናስብ ብዙ ጊዜ ወስዶብናል፤ ዕቁብን ሰው ከማንም ጋር ሊጥለው ይችላል፣ መቀበርን ግን ከሚያውቁት ጋር ይመርጣል መሰለን። ከድሮው ሠፈር ሰው ሲሞት መልእክቱ ዛሬ በስልክ ይመጣል፤ እናታችንም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጀሞ ትነሣለች። ድንኳኑና አግዳሚው ወንበር ልደታ ውስጥ በተከራዩት ጠባብ መጋዘን ይቀመጣል። ጋሼ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ የተተከለው ሰው ሁሉ በማያውቃቸው ሠፈር፣ የልደታን ዕድር ስም በጎኑ ላይ እንደ ተጻፈ ነበር። የሠፈሩ ሰዎች ቆመው ያነቡት ነበር።

ከዕድሩ ሌላ የቀረው ግንቦት ልደታ ነው። ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እናስረዳ። እመቤታችን የተወለደችው ወላጆችዋ ኢያቄምና ሐና ተሰድደው በሊባኖስ ተራራ ሳሉ፣ ከቤት ውጭ ነው ስለሚባል፣ በዚህ በዓል ንፍሮው የሚቀቀለው፣ ቡናው የሚፈላው፣ ዳቦው የሚቆረሰው በደጅ ነው። ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ከየቤቱ ተዋጥቶ በአንድ ድስት ይገባል። ንፍሮውን መሬት ላይ የሚበትኑም አሉ፤ ካህናት ይህን ለአድባር ነው ብለው ይነቅፉታል፣ እናቶች ደግሞ እሺ ብለው ይበትናሉ። ዋናው ነገር ግን ይህ በዓል በክፍል ውስጥ ሊከበር አይችልም። ደጅ ይፈልጋል፤ ያውም የጋራ ደጅ።

በአዲሶቹ ብሎኮች ደጅ የሚባለው የመኪና ማቆሚያው ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት 1 ቀን ማታ ከእናታችን ጋር ወደ ልደታ ሄደን ነበር። ከድሮው ግቢ አራት ሴቶች መጥተው ነበር፤ ሁለቱ በዚያው ብሎክ የሚኖሩ፣ ሁለቱ እንደ እኛ ከሩቅ የመጡ። ከሁለት መኪናዎች መካከል ድንጋይ ጎልተው እሳት ሲያነዱ ዘበኛው መጣና እዚህ እሳት ክልክል ነው አለ። እትዬ የምንላቸው ትልቋ ሴት «ልጄ፣ አንተ የት ነው ተወልደህ ያደግኸው?» አሉት። መልስ ሳይሰጥ ቆየና፣ እሳቱን ከመኪናው አርቁት ብሎ አንዱን ድንጋይ ራሱ አንሥቶ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደው። ጥቂት ቆይቶም የፎቁ ሰዎች መውረድ ጀመሩ። ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ወጣት ሙሽራ ስኒ ይዛ መጣች፤ ከሁለተኛው የወረዱት ልጆች ንፍሮው እስኪበስል አልታገሡም። ከመካከላቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን የተነጋገሩ ጎረቤቶች እንዳሉ ሰማን።

ዘንድሮም ግንቦት 1 ቀን ማታ እንሄዳለን። ከስድስት ኪሎ ለሚመጣ ሜክሲኮ ወርዶ የጦር ኃይሎችን ታክሲ መያዝ ይቀልላል፤ ባቡሩን የሚጠብቅ ግን ቀደም ብሎ ይነሣ። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ባይሆንም አንድ ጣሳ ባቄላ ይዞ የሚመጣ ሰው አይመለስም። ሽምብራ ባለፈው ዓመት በዝቶ ነበር።